ሰውነታችን የሚቈጥራቸው ጊዜዎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ስም ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ፍኖተ ሰላም)



 በእንዲህ ያለ በዓል ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ወላጆች ውለታ መናገር የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ሁላችንም ይዘነው ስለምንዞር፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስለማናስተውለው ነገር ነው፤ ይኸውም ሰውነታችን ቀንና ሌሊትን ከመለየት ሌላ፣ በደቂቃም፣ በሰዓትም፣ በወርም የሚቈጥራቸው የራሱ ጊዜዎች እንዳሉት ነው።

አርእስቱ ከሩቅ ሲሰሙት ለሊቃውንት ብቻ የሚገባ ይመስላል። ሆኖም በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። ልጁን በውድቅት ቀስቅሶ ሲደናበር ቢያየው «ሰነፍ» ብሎ የሚቈጣ አባት አለ። ሴት ልጇ በየወሩ ከትምህርት ስትቀር ምክንያቱን ለመምህር ለመንገር የምታፍር እናት አለች። ንዳዱ ለአንድ ቀን ስለ ለቀቀው «ድኛለሁ» ብሎ ወደ አጨዳ የሚወጣ ገበሬም አለ። እነዚህ ሦስቱ ሰዎች ሰውነት ጊዜውን እንዴት እንደሚቈጥር ቢያውቁ ልጅን ያለ በደል ከመቈጣት፣ ትምህርትን ከማጣት፣ ሕይወትንም ከማጣት በዳኑ ነበር። የንግግሬ ዐሳብ ይህ ነው።

ስለ ዕለቱ ሰዓት

አስቀድሜ ሁላችን ስለምናውቀው ስለ ዕለቱ ሰዓት በአጭሩ ልናገር። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓትን የምንቈጥረው ከፀሐይ መውጣትና መግባት ጀምረን ነው። ሰውነታችንም በዚህ ረገድ እንደ እኛ ነው፤ ሲመሽ ለእንቅልፍ ይዘጋጃል፤ ሲነጋ ለሥራ ይነቃል፤ ሙቀቱም ወደ ማታ ገደማ ከፍ ብሎ ከንጋት በፊት ዝቅ ይላል። ይህን የ24 ሰዓት ያህል ምት ፍራንዝ ሃልበርግ የተባሉ ሊቅ በ1959 እ.ኤ.አ. «ሰርካዲያን» ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም ከላቲን ሲመለስ «አንድ ቀን ያህል» ማለት ነው።

ይህ ሰዓት በፈቃዳችን የሚታዘዝ አይደለም። በ1938 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ናትናኤል ክላይትማን ከአንድ ወጣት ረዳታቸው ጋር፣ በአሜሪካ አገር በኬንታኪ ግዛት ወደሚገኘው ማሞዝ ዋሻ ገብተው 32 ቀን ተቀመጡ። ፀሐይ በማይታይበት በዚያ ዋሻ ውስጥ የቀኑን ርዝመት 28 ሰዓት አድርገው በዚያው ለመተኛትና ለመነሣት ሞከሩ። የወጣቱ ሰውነት ነገሩን ሲለምደው፣ የመምህሩ ሰውነት ግን እንቢ ብሎ በቀድሞው በ24 ሰዓቱ ጸና። ከዚህ የምንማረው ሰዓቱ በግድግዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በውስጣችንም እንዳለ ነው።

ነገር ግን የዕለቱ ሰዓት ብቻውን አይደለም። ከእርሱ የፈጠኑ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመላለሱ አሉ፤ ሊቃውንት «አልትራዲያን» ይሏቸዋል። ከእርሱ የዘገዩ፣ ለመመለስ ቀኖችና ወሮች የሚፈጅባቸውም አሉ፤ እነዚህ «ኢንፍራዲያን» ይባላሉ። እኛ በቀላል አማርኛ ከዕለት ያነሱና ከዕለት የበለጡ ብንላቸው ይበቃናል።

ከዕለት ስላነሱት

እስቲ ሁላችሁም የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች በግራ እጃችሁ አንጓ ላይ አኑሩ፤ ከአውራ ጣታችሁ በታች በኩል ነው። የሚመታው የደም ሥር ነው። ዐርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። አሁን ደግሞ በዝግታ ትንፋሻችሁን ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ከዚያም በዝግታ አስወጡ። ልብ ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ ስትስቡ ምቱ ትንሽ ይፈጥናል፤ ስታስወጡ ትንሽ ይዘገያል። ይህ ነገር በወጣቶች ላይ ይበልጥ ይታያል፤ የጤንነት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። እንግዲህ በአንድ ሰውነት ውስጥ ሁለት ምቶች፣ የልብና የትንፋሽ፣ እርስ በርሳቸው እየተደማመጡ እንደሚሄዱ በጣታችሁ ዳሰሳችሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ ጨጓራ ነው። ጨጓራ ባዶ ሲሆን ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ይመስለናል፤ ግን አይደለም። በየ90 እስከ 120 ደቂቃው ገደማ ከጨጓራ ተነሥቶ በአንጀት ላይ እየተከተለ የሚወርድ ብርቱ መኰማተር ይነሣል። ሥራውም የተረፈውን የምግብ ጥራጊ ወደ ታች መጥረግ ነው። ሆድ የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው። እህል ሲገባ ይህ ምት ያቋርጥና ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ይተካል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቈዩ እናቶቻችን፣ ርኀብ አንድ ጊዜ ከመጣ እስኪበሉ ድረስ እየጨመረ ብቻ የሚሄድ ነገር አለመሆኑን፣ መጥቶ እንደሚያልፍና ተመልሶ እንደሚመጣ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ስለዚህ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በክፍል ውስጥ የጓደኛው ሆድ ሲጮኽ የሚስቅ ተማሪ ቢኖር፣ የራሱም ሆድ በየሁለት ሰዓቱ ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ ያስታውስ፤ ምናልባትም ያ ጓደኛው ቁርስ ሳይበላ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉ ይልቅ ተማሪን የሚመለከተው ግን የእንቅልፍ ምት ነው። ቀድሞ እንቅልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት፣ እንደ ጨለማ ጒድጓድ ያለ ነገር ይመስል ነበር። ቅድም የጠቀስኋቸው የክላይትማን ተማሪ የነበረው ዩጂን አሰሪንስኪ የተኙ ሰዎችን ዐይን ሌሊቱን ሙሉ በመሣሪያ ይከታተል ጀመር፤ ከመረመራቸውም አንዱ የገዛ ትንሽ ልጁ ነበር። ከቆባቸው በታች ዐይኖቻቸው ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብለው ይቈዩና፣ ከዚያ በድንገት ወዲያና ወዲህ እየፈጠኑ ይንቀሳቀሳሉ፤ ደግሞም ጸጥ ይላሉ። በዚያ በእንቅስቃሴው ጊዜ የተቀሰቀሱት ሰዎች ብዙዎቹ «ሕልም እያየሁ ነበር» አሉ። መምህርና ተማሪው ይህን በ1953 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታወቁ።

ዛሬ የታወቀው ይህ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ሲተኛ በመጀመሪያ ቀላል እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ቀጥሎ ወደ ከባዱ እንቅልፍ ይወርዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ሽቅብ ይወጣና ወደ ሕልሙ እንቅልፍ ይገባል። አንዱ ዙር በአማካይ 90 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በአንድ ሌሊትም ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይመላለሳል። የሕፃናት ዙር አጭር ነው፤ አዲስ የተወለደ ልጅ በአንድ ሰዓት ገደማ አንዱን ይፈጽማል። ዙሮቹም እኩያ አይደሉም። በምሽቱ ዙሮች ከባዱ እንቅልፍ ይበዛል፤ ወደ ንጋቱ ሲቃረብ ከባዱ እያነሰ የሕልሙ እየረዘመ ይሄዳል።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ ልጅ ከተኛ አንድ ሰዓት ያህል ሳይሞላው ስትቀሰቅሱት ብዙውን ጊዜ ከባዱ እንቅልፍ ላይ ነው። ቢደናበር፣ የተነገረውን ባይሰማ፣ ተነሥቶ ግድግዳ ቢገጭ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ አንጎሉ ገና ስላልነቃ ነው። ያንኑ ልጅ ንጋት ላይ ብትቀሰቅሱት በቀላሉ ሊነቃ ይችላል። ሁለተኛ፣ ልጅን የሚያሳድገው ሆርሞን በብዛት የሚወጣው በዚያው በመጀመሪያው ከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። «ልጅ ተኝቶ ያድጋል» ቢባል እንግዲህ ለማባበል ብቻ የሚነገር አይደለም።

ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች ነው። ብዙዎቻችን ከገጠር መጥተን በከተማው ቤት ተከራይተን የምንማር ነን። ውሃ ቀድተን፣ ወጥ ሠርተን፣ ልብሳችንን አጥበን ስንጨርስ ይመሻል፤ ከዚያ በኋላ ደብተር እንገልጣለን። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ እስከ ሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት የሚያመሽ፣ ቡና እየደጋገመ እንቅልፍን የሚያባርር አለ። ለእኛ ዕድሜ የሚያስፈልገው እንቅልፍ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት ብቻ የሚተኛ ተማሪ ከሁሉም ዓይነት እንቅልፍ እኩል የቀነሰ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ይልቁን የሚያጣው የመጨረሻዎቹን ዙሮች ነው። ቀን የተማርነው ነገር በአእምሯችን የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ስለ ሆነ፣ እንቅልፉን ቈርጦ የሚያጠና ሰው ጎተራውን ከታች ቀዶ ከላይ እህል የሚጨምር ገበሬን ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ ሰዎች «ዙሩ 90 ደቂቃ ከሆነ፣ አራት ሰዓት ተኩል ወይም ስድስት ሰዓት ልክ ቈጥሬ ብነሣ ይበቃኛል» ይላሉ። ይህ ስሌት የማያስተማምን ነው። የዙሩ ርዝመት ከሰው ሰው፣ በአንድ ሰውም ከዙር ዙር ይለያያል፤ 80 ደቂቃም 110 ደቂቃም ሊሆን ይችላልና። የሚሻለው በቂ ሰዓት መተኛትና በየቀኑ በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሣት ነው።

ክላይትማን ይኸው የ90 ደቂቃ ምት ቀንም ስንነቃ ሳይቋረጥ ይቀጥላል የሚል ዐሳብ አቅርበው ነበር። ይህ ዐሳብ የእንቅልፉን ያህል ጽኑ ማስረጃ አላገኘም። ሆኖም የሰው ልብ በአንድ ነገር ላይ ለብዙ ሰዓት እኩል ተተክሎ እንደማይቈይ የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ተነሥቶ ቅኔ ሊቈጥር ብቻውን ወደ ዛፍ ጥላ ሲሄድ፣ የእኛም ትምህርት ቤት በየክፍለ ጊዜው ደወል ሲደውል፣ ይህንኑ የሰው ጠባይ ተከትለው ነው።

የሰዓቱ ምት ወሩን እንደሚያመጣ

አሁን ከሰዓት ወደ ወር ልሻገር ነው፤ ድልድዩንም ሳይንስ ራሱ ሠርቶልኛል። ከአንጎላችን ሥር ፒቱታሪ የምትባል እንደ ባቄላ ያለች ትንሽ ዕጢ አለች። አንጎል ለዚህች ዕጢ መልእክቱን የሚልከው እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ አይደለም፤ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ገደማ እየቈየ፣ ደወል እንደሚደወል ነው። በልጅነት ይህ ደወል ዝም ያለ ያህል ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት እንደ ታወቀው፣ ልጅ ወደ ጉርምስና ሲገባ ደወሉ በጒልሕ መሰማት የሚጀምረው ሌሊት፣ ልጁ ተኝቶ ሳለ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ወደ ቀኑም ይዘልቃል። ድምፃቸው የጐረነነ ወንድሞቻችን፣ ቁመታቸው በአንድ ዓመት የረዘመ እኅቶቻችን ሁሉ ለውጣቸው የተጀመረው በእንቅልፋቸው ውስጥ ነው።

ኧርነስት ኖቢል የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር በጦጣዎች ላይ ባደረጉትና በ1978 እ.ኤ.አ. በታተመው ምርምር ትልቅ ነገር አሳዩ። ያ መልእክት በሰዓት አንድ ጊዜ እየተቈረጠ ሲሰጥ ዕጢዋ ሥራዋን ትሠራለች፤ ያው መልእክት ሳያቋርጥ ሲፈስባት ግን ዝም ትላለች። እንግዲህ ለሰውነት የመልእክቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ምቱም ትርጒም አለው። የሰዓቱ ምት ባይኖር ኖሮ የወሩ ምት ባልኖረም ነበር።

ከዕለት ስለ በለጡት

ከዕለት የበለጡት ጊዜዎች ብዙ ናቸው። የራስ ጠጉር እንኳ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት አድጎ፣ ጥቂት ወር ዐርፎ ይነቀላል፤ ከብርቱ ትኩሳት ወይም ከወሊድ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ወር ቈይቶ ጠጉር በብዛት ቢረግፍ ብዙ ጠጉር በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍቱ ስለ ገባ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ተመልሶ ይበቅላል። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ዋናው፣ የሰው ዘር ሁሉ የተገኘበት፣ የወር አበባ ነው።

ወላጆቻችን በዚህ አደባባይ ይህን በማንሣቴ አትቀየሙኝ። ስለ እርሱ ዝም በማለት የምትጐዳው ልጃችሁ ናትና ነው። አማርኛችን ነገሩን በሁለት ቃል አስተካክሎ ሰይሞታል። «የወር» ሲል ጊዜውን ነገረን፤ «አበባ» ሲል ደግሞ የፍሬ ተስፋ መሆኑን ነገረን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየወሩ በሴት ልጅ የእንቁላል ማኅደር ውስጥ አንዲት እንቁላል ትበስላለች፤ ማኅፀንም ምናልባት ፅንስ ቢመጣ ብሎ ውስጡን በደም ሥር በተመላ ለስላሳ ንጣፍ ያለብሳል። እንቁላሏ ከወጣች በኋላ የሰውነት ሙቀት በጥቂቱ፣ ከግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ መጠን ይጨምራል። ፅንስ ካልመጣ ከ14 ቀን ገደማ በኋላ ንጣፉ ፈርሶ ይወጣል፤ ሥራውም እንደ ገና ይጀመራል። የሚወጣው ደም ብዙ ይመስላል እንጂ ለወሩ በጠቅላላው በአማካይ ከአንድ የቡና ሲኒ አይበልጥም።

የዚህ ዙር ርዝመት ከጨረቃ ወር ጋር ይቀራረባል። ጨረቃ ከሙሉነት ወደ ሙሉነት የምትመለሰው በ29 ቀን ተኩል ገደማ ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም የጨረቃን ወር አንዱን 29፣ አንዱን 30 እያደረጉ ይቈጥሩታል። ነገር ግን ሴቶች ሁሉ ከጨረቃ ጋር አብረው አይሄዱም፤ እያንዳንዷ የራሷ ቍጥር አላት። በአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ቢሆን ጤና ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ከ21 እስከ 45 ቀን ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ እናቶች የልጃችሁ ወር ቢዘገይ ወዲያውኑ በክፉ አትጠርጥሯት። የሰዓቱ ምት ገና እየተስተካከለ ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ ቢቀር፣ ከሰባት ቀን በላይ ቢፈስ፣ ወይም ሕመሙ ከመኝታ የማያስነሣ ቢሆን ወደ ሐኪም ማየት ይገባል።

የአገራችን የቀን አቈጣጠር ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፤ ዐሥራ ሁለቱ ወሮች ሁሉ 30፣ 30 ቀን ናቸውና። የአንዲት ልጅ ዙር 28 ቀን ቢሆን በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ትቈጥራለች። ጥር 12 ቀን በሚካኤል ቢጀምራት፣ ቀጣዩ የካቲት 10፣ ከዚያ መጋቢት 8፣ ከዚያም ሚያዝያ 6 ቀን ገደማ ይሆናል። ነሐሴን ስታልፍ ብቻ የጳጒሜን 5 ወይም 6 ቀን ትጨምራለች። በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ ነጥብ እያኖረች ጥቂት ወር ብትከታተል የራሷን ቍጥር ታውቃለች፤ በክፍል ውስጥ ሳትዘጋጅ አይደርስባትም።

የነገሩ ክብደት በሒሳብ ይታያል። አንዲት ልጅ በዚህ ምክንያት በወር ሦስት የትምህርት ቀን ብትቀር በዐሥር ወር 30 ቀን ቀረች ማለት ነው። በሳምንት አምስት ቀን ስንማር ይህ ስድስት ሳምንት ይሆናል። ስድስት ሳምንት ከክፍል ርቆ የቈየ ወንድ ተማሪ ከጓደኞቹ እኩል ውጤት ያመጣል የሚል መምህር አለን? የቀሩትም ልጆች የሚቀሩት በስንፍና ሳይሆን የሚጠቀሙበት ነገር፣ የሚታጠቡበት ውሃና በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት በማጣት፣ ከዚያም በላይ ልብሳቸው ላይ ቢታይ ይሳቅብኛል ብለው በመፍራት ነው። ቤተ ክርስቲያን የራሷ ሥርዓት አላት፤ ሴቶችም ያከብሩታል። ትምህርት ቤት ግን በእነዚያ ቀኖች እንዳትገባ የሚከለክል ሥርዓት የለውም።

በአገራችን ይህን ችግር ተመልክተው የሠሩ ሰዎች አሉ። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ታጥቦ እንደ ገና የሚያገለግል ሞዴስ አዘጋጅተው፣ በመቀሌ ፋብሪካ አቁመው በማምረታቸውና በየትምህርት ቤቱ እንዲታደልና ትምህርቱም እንዲሰጥ በመድከማቸው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን የተባለው የዜና ድርጅት የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሟቸዋል። ሥራቸው ከእኛ ብዙ ሩቅ አይደለም። ንጹሕ ጨርቅ፣ ሳሙናና ፀሐይ ባለበት ቤት ሁሉ ሊጀመር ይችላል።

በሽታ ስለሚቈጥረው ቀን

እስካሁን የተናገርሁት ሰውነት ራሱ ስለሚመታው ምት ነው። የመጨረሻው ግን ባዕድ እንግዳ ወደ ደማችን ገብቶ በእኛ ላይ ስለሚመታው ምት ነው። ይህን የማነሣው ምዕራብ ጎጃም በደንብ ስለሚያውቀው ነው።

በወባ የታመመ ሰው በመጀመሪያ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ቀጥሎ እንደ እሳት ይነዳል። በመጨረሻም ላብ አጥምቆት ትኩሳቱ ይለቀዋል። ቪቫክስ በሚባለው የወባ ዓይነት ይህ ነገር ጊዜው ከተስተካከለ በኋላ በየ48 ሰዓቱ ይመላለሳል። ሰኞ ቀትር ያንቀጠቀጠው ሰው ማክሰኞ ደኅና ይውልና ረቡዕ ቀትር ገደማ ይመለስበታል። ሰኞን አንድ ብለን ብንቈጥር ረቡዕ ሣልስት ነው፤ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያንም እንዲሁ ቈጥረው «የሦስተኛ ቀን ትኩሳት» ይሉት ነበር። ምክንያቱን በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ያብራሩት ካሚሎ ጎልጂ የተባሉ ኢጣልያዊ ሐኪም ናቸው። የወባ ተውሳኮች በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ አብረው ይበስላሉ፤ አብረውም ሴሎቹን አፈንድተው ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ሰውየው ይንቀጠቀጣል። ደኅና የዋለባት ቀን እንግዲህ የመዳን ቀን አይደለችም፤ ተውሳኩ በአዲስ ሴል ውስጥ ገብቶ የሚያድግባት ቀን ናት።

ገበሬውን የምታታልለው ያች ቀን ናት። ወባ የሚበረታው ከክረምት በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ያ ደግሞ አዝመራው የሚደርስበት ጊዜ ነው። ማክሰኞ ቀለል ሲለው ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ መድኃኒት ተሰጥቶት ቢሆን እንኳ «ተሻለኝ» ብሎ ግማሹን ለሌላ ጊዜ ያኖረዋል። ቪቫክስ ደግሞ ከደም ከጠፋ በኋላ እንኳ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ቈይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘውን ሳያጐድሉ እስከ መጨረሻው መዋጥ ያስፈልጋል። ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ከዚህ ይከፋል። ምቱ የተዛባ ነው፤ ትኩሳቱ ሳያቋርጥ ሊቈይ ይችላል፤ ፈጥኖም ይገድላል። እንግዲህ ትኩሳት የያዘው ሰው «በሣልስቱ ይመለስ እንደ ሆነ ልይ» ብሎ ቀን አይቍጠር፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ሄዶ ደሙን ያስመርምር።

ቸል ማለት ምን እንደሚያስከፍል አገራችን አይታዋለች። በ1950 ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ገደማ በቈየው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ታመሙ፣ 150,000 ያህሉም እንደ ሞቱ ይገመታል። ይልቁንም የተጐዳው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው አገር ነበር፤ ከተማችን ፍኖተ ሰላም ወደ 1,900 ሜትር ላይ እንደ ተቀመጠች ልብ በሉ። ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ከ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማለቂያ እስከ 2017 ዓ.ም. ጥቅምት 10 ቀን ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል።

ቀን የሚቈጥር ሌላም በሽታ አለ፤ በልብስ ቅማል የሚመጣው የግርሻ ትኩሳት ነው። ለጥቂት ቀኖች ያነድና ይለቃል፤ ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ያገረሻል። ተውሳኩ ሰውነት እንዳያውቀው መልኩን ለውጦ ስለሚመለስ ነው። የዚህም መከላከያው ልብስን በፈላ ውሃ ማጠብና ቶሎ መታከም ነው።

መደምደሚያ

ክቡራንና ክቡራት፤ የተናገርሁትን ሰብስቤ ለሦስት ወገን ላቅርብ።

ለወላጆቻችን፤ ልጃችሁን ከመጀመሪያው እንቅልፉ አትቀስቅሱት፤ ሴት ልጃችሁን ስለ ወሯ ሳይደርስባት በፊት አስተምሯት፤ ትኩሳት የያዘውን ሰው ደኅና በዋለበት ቀን አትመኑት።

ለመምህራኖቻችን፤ በየወሩ ለጥቂት ቀን የምትቀር ተማሪ ብታገኙ በስም መጥሪያው ላይ ቀሪ ብላችሁ ብቻ አትለፏት። በሴት መምህር በኩል ምክንያቷን አስጠይቁላት። ትምህርት ቤታችንም በዚህ በዓል ለወደፊቱ ከሚያስባቸው ሥራዎች መካከል ለሴቶች በሩ የሚዘጋ፣ ውሃም ያለበት መጸዳጃ ቤት አንዱ እንዲሆን ክበባችን በትሕትና ያሳስባል።

ለእኛ ለተማሪዎች፤ ለጥናት ሰዓት እንደምንመድብ ሁሉ ለእንቅልፍም እንመድብ። ወንድሞች ሆይ፤ በእኅታችን ልብስ ላይ ያየነው ነገር የሚያስቀን ሳይሆን ሹራባችንን አውልቀን በወገቧ እንድታስርበት የሚያሰጠን ይሁን። እናቶቻችን ሁሉ በዚሁ ዙር አልፈው ነው የወለዱን።

ክበባችን ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ፈቃደኞች የሆኑ ተማሪዎች የእንቅልፍ ሰዓታቸውን በሠንጠረዥ እየጻፉ ለአንድ ወር እንዲከታተሉ አዘጋጅቷል፤ የሚፈልግ ሁሉ በሥነ ሕይወት ክፍል ስሙን ያስመዝግብ።